ከሹካው በስተኋላ የተቀመጠው ሰው

በኮልፌ ቀራኒዮ ክፍለ ከተማ አጠና ተራ የሚባለውን ሠፈር የማያውቅ የአዲስ አበባ ነዋሪ ጥቂት ነው። ስሙን ያገኘው ከባሕር ዛፍ አጠና ነው። አጠናውም፣ ሲሚንቶውም፣ ብረቱም ከመኪና ወርዶ መጋዘን እስኪገባ ድረስ በከተማችን ለብዙ ዘመን የተጓዘው በጫኝና አውራጅ ትከሻ ነው። ያን ሸክም ያየ ሰው ፎርክሊፍት ወደ ግቢ ሲገባ «ተገላገልን» ቢል አይፈረድበትም። ሁለትና ሦስት ቶን የሚመዝን ዕቃ አንድ ሰው ተቀምጦ ያነሣዋል፣ ያጓጉዘዋል፣ ይደረድረዋል።

ድካሙ ግን ሁሉም አልጠፋም። ከፊሉ ከብዙ ሰው ትከሻ ተነሥቶ ወደ አንድ ሰው አከርካሪ ዞሯል። ስለዚህ ዛሬ የማስተዋውቀው ዕቃ የሚያነሣውን ሹካ ሳይሆን ጋቢናውን ነው።

የፎርክሊፍት ቅድመ አያት ከሚባሉት አንዱን ክላርክ የተባለው የአሜሪካ ፋብሪካ በ1917 እ.ኤ.አ. የሠራው በራሱ ግቢ ውስጥ ዕቃ ለማመላለስ ነበር። ማሽኑ ጭነት እንዲሸከም እንጂ ነጂው እንዲመቸው አልታሰበበትም። ጣሪያው፣ ቀበቶውና ስፕሪንግ ያለው መቀመጫ የመጡት ከብዙ ጉዳት በኋላ ነው።

አሠራሩን ላስረዳ። ፎርክሊፍት አራት ጎማ ይኑረው እንጂ የቆመው እንደ ምጣድ በሦስት ጉልቻ ላይ ነው። ሁለቱ ጉልቻዎች የፊት ጎማዎች ናቸው። ሦስተኛው የኋላው አክስል መካከል ነው፤ አክስሉ እዚያ ላይ እንደ ሚዛን ወዲያና ወዲህ ይወዛወዛልና። የማሽኑና የጭነቱ ክብደት መሐል ከዚህ ሦስት ማዕዘን ከወጣ ይገለበጣል። ብዙ ሰው የሚፈራው የተጫነውን ነው፤ ነገር ግን ባዶውም በፍጥነት ሲታጠፍ በቀላሉ በጎኑ ይወድቃል። ሹካው ባዶ ሲሆን የክብደቱ መሐል ወደ ኋላ፣ ሦስት ማዕዘኑ ወደሚጠብበት ጫፍ ይሸሻልና።

ሲገለበጥ የሰው ደመ ነፍስ «ዝለል» ይላል። የሚገድለውም እሱ ነው፤ የዘለለውን ሰው የሚያገኘው ከላይ ዕቃ እንዳይወድቅበት የተሠራለት የጣሪያው ብረት ነው። ትክክለኛው ነገር ቀበቶ ታስሮ መቆየት፣ መሪውን አጥብቆ መያዝ፣ እግርን ወለሉ ላይ መትከልና ሰውነትን ከሚወድቅበት ወገን በተቃራኒ ማዘንበል ነው። ቀበቶው የተቆረጠ ወይም ከመቀመጫው ሥር የተሸጎጠ ከሆነ ይህ ሁሉ ምክር ከንቱ ነው።

አሁን ወደ መቀመጫው። ፎርክሊፍት እንደ መኪና ባሌስትራ የለውም። የፊት አክስሉ ከአካሉ ጋር በቀጥታ የታሰረ ነው፤ ብዙ ጊዜም ጎማው አየር የሌለበት ድፍን ጎማ ነው። እንግዲህ ይህን ማሽን ከለስላሳ መጋዘን ወለል አውጥታችሁ በኮልፌ የውስጥ ለውስጥ ኮብልስቶን ላይ ንዱት። እያንዳንዱ ድንጋይ በጎማው፣ በአካሉ፣ በመቀመጫው አልፎ የነጂው ወገብ ላይ ይደርሳል። በመንገዱና በአጥንቱ መካከል ያለው ብቸኛ ስፕሪንግ መቀመጫው ነው። የአውሮፓ ኅብረት በ2002 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ በ8 ሰዓት ሥራ ወደ መላ ሰውነት የሚደርሰው ንዝረት 0.5 ሜትር በሰከንድ ካሬ ሲያልፍ አሠሪው መፍትሔ እንዲፈልግ ያስገድዳል፤ 1.15ን እንዳያልፍም ይከለክላል። ወገብ የሚለካ ነገር ሆኗል ማለት ነው።

ጥሩ መቀመጫ የነጂውን ክብደት የሚያስተካክሉበት እጀታ አለው። ይህችን እጀታ የሚነካት ሰው ጥቂት መሆኑ ያሳዝናል። ለ110 ኪሎ ሰው የተወጠረ መቀመጫ ላይ 60 ኪሎ ወጣት ቢቀመጥ ስፕሪንጉ አይሠራም፤ ድንጋይ ላይ እንደ መቀመጥ ነው። ለቀላል ሰው በላላው ላይ ከባዱ ሲቀመጥ ደግሞ እስከ መጨረሻው ወርዶ ይመታዋል። ፈረቃ ሲቀየር እጀታዋን ማዞር ከግማሽ ደቂቃ በላይ አይፈጅም። ስፖንጁ ባለቀ መቀመጫ ላይ ጆንያ ወይም ካርቶን አጥፎ መቀመጥ ግን መፍትሔ አይደለም፤ ንዝረቱን አያስቀረውም፣ ነጂውንም ከቀበቶው መስመር ከፍ ያደርገዋል።

ሌላው አንገት ነው። ረጅም ጭነት ፊትን ሲጋርድ ነጂው ወደ ኋላ ይነዳል። ቁልቁለት ላይም የተጫነ ማሽን የሚወርደው በኋላ ማርሽ ነው፤ ጭነቱ ሁልጊዜ ወደ አቀበቱ መዞር አለበትና። አቀበትና ቁልቁለት በማይታጣበት በምዕራብ አዲስ አበባ ይህ ማለት ቀኑን ሙሉ ተጠማዝዞ መዋል ነው። ሁለት ነገር ይረዳል፤ በጥቂቱ ወደ ጎን የሚዞር መቀመጫ፣ እና በኋላው ምሰሶ ላይ ክላክስ ያለው የእጅ መያዣ። ስፖኪዮ ያግዛል እንጂ ዘወር ብሎ ማየትን አይተካም።

ክረምቱንም አንርሳ። ክፍት ጋቢና ላይ የሐምሌ ዝናብ ሲወርድ ነጂው ጣሪያው ላይ ላስቲክ ይወጥራል። አልፈርድበትም፤ ግን ላስቲኩ ጉም ሲለብስ ወደ ላይ ያነሣውን ፓሌት አያየውም። ለዚህ ጠንካራ መስታወትና መጥረጊያ ተሠርቷል። ከ2,300 ሜትር በላይ በሆነችው ከተማችን አየሩ ስስ ስለሆነ ቱርቦ የሌለው የናፍጣ ሞተር የበለጠ ያጨሳል፤ በተዘጋ መጋዘን ውስጥ ያን ጭስ የሚስበው መጀመሪያ ነጂው ነው። በባትሪ የሚሠራው ጭሱንና ጩኸቱን ያስቀርለታል። ድንጋዩን ግን አያስቀርለትም፤ መቀመጫው ያው አስፈላጊ ነው።

የሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 42 ጤናማና አደጋ የሌለበት የሥራ አካባቢን የሠራተኛ መብት አድርጎታል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ደግሞ መደበኛውን የሥራ ጊዜ በሳምንት እስከ 48 ሰዓት ይፈቅዳል። አንድ ሰው 48 ሰዓት የሚቀመጥበትን ነገር ቅንጦት ማለት አይቻልም።

ያገለገለ ፎርክሊፍት ልትገዙ የምትሄዱ ባለ መጋዘኖች፣ መካኒካችሁ ኮፈኑን ከፍቶ ሞተሩን ሲያዳምጥ እናንተ ወደ ጋቢናው ውጡ። ቀበቶውን እሰሩት። እጀታዋን አዙሩ። ወደ ኋላ ዘወር በሉና እዩ። ከዚያም ማሽኑን ኮብልስቶን ላይ አንድ ሩብ ሰዓት አስነድታችሁ የነዳውን ሰው ወገቡን ጠይቁት፤ ዋጋውን የምትነጋገሩት ከዚያ በኋላ ይሁን።