ብራያር፦ መሀል ላይ ማንም የማይቆምበት መልእክት

በአንድ ካፌ ሁለት ጠረጴዛ ላይ የተቀመጡ ጓደኛሞች በቴሌግራም ወይም በዋትስአፕ ሲጻጻፉ መልእክቱ ከአንዱ ጠረጴዛ ወደ ሌላው በቀጥታ አይሄድም። መጀመሪያ ወደ ቴሌኮሙ ማማ፣ ቀጥሎ ውጭ አገር ወዳለው የኩባንያው ሰርቨር ይጓዛል፤ ከዚያም ያን ሁሉ መንገድ ተመልሶ እዚያው ካፌ ውስጥ ለተቀመጠው ሰው ይደርሳል። ኢንተርኔት የተቋረጠ ዕለት በመካከላቸው ያለው ርቀት አሥር ሜትር ባይሞላም ሁለቱም ስልኮች ዲዳ ይሆናሉ።

ይህ አሠራር ሌላም መዘዝ አለው። ዋትስአፕ የምንጽፈውን ቃል እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ ከላኪ እስከ ተቀባይ ያመሰጥራል፤ ኩባንያው ራሱ አያነበውም። ነገር ግን ሁሉም ነገር በአንድ ሰርቨር በኩል እስካለፈ ድረስ ማን ለማን፣ መቼና በየስንት ጊዜው እንደጻፈ እዚያ ይታወቃል። ለጋዜጠኛ መረጃ ያቀበለን ሠራተኛ ለመያዝ የጻፈውን ማንበብ የግድ አይደለም። ከጋዜጠኛው ጋር መጻጻፉን ማወቅ ብቻ ይበቃል።

ብራያር የተሠራው እነዚህን ሁለት ችግሮች አንድ ላይ ለመፍታት ነው። ሰርቨር የለውም። ማይክል ሮጀርስ በተባለ የሶፍትዌር ባለሙያ ተጀምሮ በጥቂት ባለሙያዎች የተገነባ፣ ኮዱ ለማንም ክፍት የሆነ ነፃ የአንድሮይድ መተግበሪያ ነው። የሙከራ ቅጂው እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2017፣ የመጀመሪያው ሙሉ ቅጂ ደግሞ በግንቦት 2018 ወጣ። ጋዜጠኞችንና የመብት ተሟጋቾችን ታሳቢ አድርጎ ቢሠራም በግሉ መነጋገር ለሚፈልግ ሁሉ ይሆናል።

አካውንት ሲከፈት ብራያር ስልክ ቁጥርም ኢሜይልም አይጠይቅም፤ የሚፈልገው መጠሪያና የይለፍ ቃል ብቻ ነው። ምስጢራዊ ቁልፎቹ እዚያው ስልኩ ላይ ይፈጠራሉ፣ መልእክቶቹም እዚያው ተመስጥረው ይቀመጣሉ። የአባላት ዝርዝር የያዘ ኩባንያ ስለሌለ አንድን ሰው በስሙ ወይም በቁጥሩ ፈልጎ ማግኘት አይቻልም። ስለዚህ የብራያር ኔትወርክ በሰው ትውውቅ ይሠራል።

ትውውቁ ሦስት መንገድ አለው። የመጀመሪያውና አስተማማኙ ፊት ለፊት ተገናኝቶ አንዱ የሌላውን ኪውአር ኮድ በካሜራ ማንበብ ነው። በዚያች ቅጽበት ስልኮቹ ቁልፍ ይለዋወጣሉ፤ ሦስተኛ ሰው መሀል ገብቶ የራሱን ቁልፍ በሌላው ስም ማቀበል አይችልም። ርቀው ያሉ ሰዎች ደግሞ ሊንክ ይላላካሉ፤ ሁለቱም የሌላውን ሊንክ ካላስገቡ ግንኙነቱ አይጀምርም። ሦስተኛው መንገድ ሁለቱን የሚያውቅ የጋራ ወዳጅ እንዲያስተዋውቃቸው ነው።

ከዚያ በኋላ ስልኮቹ የተገኘውን መንገድ ይጠቀማሉ። ቅርብ ለቅርብ ከሆኑ በብሉቱዝ ይገናኛሉ፤ ይህም እንደ ግድግዳው ሁኔታ አሥር ሜትር አካባቢ ያደርሳል። በአንድ ዋይፋይ ሥር ካሉ ዋይፋዩ ኢንተርኔት ባይኖረውም ይላላካሉ። ሌላው ሁሉ ሲጠፋ ደግሞ መልእክቱን በተመሰጠረ ፋይል ሚሞሪ ካርድ ወይም ፍላሽ ላይ ጭኖ በሰው እጅ መላክ ይቻላል፤ ፖስታ ቤት በሌለበት አገር ደብዳቤ ለመንገደኛ እንደሚሰጠው ማለት ነው፤ ልዩነቱ መንገደኛው ከፍቶ ማንበብ አለመቻሉ ነው።

ኢንተርኔት ሲኖር መንገዱ ቶር የሚባለው ኔትወርክ ነው። እያንዳንዱ የብራያር ስልክ በቶር ውስጥ የራሱ ስውር አድራሻ አለው። ሁለት ስልኮች ሲገናኙ ግንኙነቱ በዓለም ዙሪያ በበጎ ፈቃደኞች በሚተዳደሩ በርካታ ኮምፒውተሮች ያልፋል፤ ከእነዚህ መካከል አንዱም ብቻውን ሁለቱን ጫፎች አያውቅም። ቴሌኮሙ ደንበኛው ቶር መጠቀሙን ሊያይ ይችላል፤ ከማን ጋር እንደተገናኘ ግን አያይም። ቶር በሚታገድባቸው አገሮች ብራያር ብሪጅ በሚባሉ መሸጋገሪያዎች ለመግባት ይሞክራል። ቁልፎቹም በየጊዜው እየተቀየሩ አሮጌዎቹ ስለሚጠፉ፣ ዛሬ ቁልፍ የተሰረቀበት ሰው ትናንት በመስመር ላይ የተቀዳበት ምስጢር አይገለጥም።

የግል መልእክት ከላኪው ስልክ ወደ ተቀባዩ እንጂ በሌሎች ተጠቃሚዎች ስልክ እየተቀባበለ አይሄድም። ለብዙ ሰው የሚሆነው የውይይት መድረክ ግን ከእጅ ወደ እጅ ይጓዛል። አልማዝ ከበቀለ፣ በቀለም ከጫልቱ ጋር ተዋውቀው አንድ መድረክ ቢጋሩ፣ አልማዝ ጠዋት የጻፈችው በቀለ ስልክ ላይ ያርፋል፤ ከሰዓት በቀለ ጫልቱን ሲያገኛት በብሉቱዝ ይተላለፋል። አልማዝና ጫልቱ መተያየት አላስፈለጋቸውም። መድረኩ በእያንዳንዱ አባል ስልክ ላይ ስላለ አንድ ቦታ ሄዶ ሊዘጋው የሚችል የለም።

ሰርቨር ሲቀር ግን ሰርቨሩ ይሠራው የነበረው ሥራ በባለስልኩ ጫንቃ ላይ ይወድቃል። ተቀባዩ ስልኩን ካጠፋ መልእክቱን አቆይቶለት የሚጠብቅ የለም፤ ሁለቱም በአንድ ጊዜ መገኘት አለባቸው። ለዚህ መፍትሔ የተሠራው የመልእክት ሳጥን የተባለ ተጓዳኝ መተግበሪያ ነው። ቤት ውስጥ ቻርጀር ላይ በተሰካ ትርፍ ስልክ ላይ ተጭኖ፣ ራሱ ሊያነበው የማይችለውን መልእክት ለባለቤቱ ያቆያል። ብራያር ያለማቋረጥ ስለሚሠራ ባትሪ ይበላል። አይፎን መተግበሪያዎች ከጀርባ እንዲህ ሲሠሩ ስለማይፈቅድ እዚያ ላይ የለም። የድምፅ ጥሪ የለውም። የይለፍ ቃሉን የረሳ ሰው አካውንቱን ያጣል፤ የሚያስመልስለት ማንም የለም። ስልኩ ተከፍቶ ሳለ በሌላ ሰው እጅ ከገባም ምስጠራው አያድንም።

ሰርቨር አለመኖሩ በራሱ ዋስትና አለመሆኑን ደግሞ የብሪጅፋይ ታሪክ ያሳያል። ብሪጅፋይ በብሉቱዝ ከስልክ ወደ ስልክ መልእክት የሚያቀባብል መተግበሪያ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2019ኙ የሆንግ ኮንግ ተቃውሞ ጊዜ በእጅጉ ታዋቂ ሆነ። በቀጣዩ ዓመት የለንደኑ የሮያል ሆሎዌይ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሲመረምሩት ተጠቃሚዎችን መከታተል፣ መልእክታቸውን ማንበብና በስማቸው መጻፍ እንደሚቻል አጋለጡ። አንዲት ተንኮለኛ መልእክት ኔትወርኩን ልታናጋው ትችል ነበር። ብራያር በአንጻሩ ገና ለሕዝብ ሳይወጣ፣ እ.ኤ.አ. በ2017፣ ኪዩር53 በተባለ የጀርመን የሳይበር ደኅንነት ድርጅት ተመርምሮ የምርመራው ዘገባ በይፋ ወጥቷል። ምንም መተግበሪያ እንከን የለሽ አይሆንም። እምነት የሚጣልበት ግን ውስጡን ለማሳየት የማይፈራው ነው።

ኢንተርኔት ሲጠፋ ምን እንደሚመስል እኛ እናውቀዋለን። በሰኔ 2012 ዓ.ም. ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ከተገደለ በኋላ በመላ አገሪቱ ከሁለት ሳምንት በላይ ተቋርጧል። በትግራይ ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ስልክም ኢንተርኔትም ለረጅም ጊዜ ጠፍቷል፤ በአማራ ክልል ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ አንስቶ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተዘግቶ ነበር። በእነዚህ ወራት ዋሽንግተን ወይም ሪያድ ያለች እህት ከቤተሰቧ ጋር በብራያር ልትገናኝ ትችል ነበር ወይ ቢባል፣ መልሱ አትችልም ነው፤ ብሉቱዝ ባሕር አይሻገርም። በአንድ ሰፈር፣ በአንድ ሆስፒታል ወይም በአንድ ግቢ ያሉ ሰዎች ግን የት መድኃኒት እንዳለ፣ የትኛው መንገድ እንደተዘጋ፣ ማን እርዳታ እንደሚፈልግ እየተጻጻፉ መቆየት ይችላሉ።

ይህም የሚሆነው አስቀድሞ ለተዘጋጀ ሰው ነው። መስመሩ ከተዘጋ በኋላ መተግበሪያ ማውረድ አይቻልም፤ በከተማው ማዶና ማዶ ያሉ ወዳጆችም ኮድ ለመነባበብ መገናኘት ሊከብዳቸው ይችላል። የብራያር ጥንካሬ በሰላሙ ቀን የተለዋወጥናቸው ቁልፎች ብዛት ነው። ስለዚህ የሚያስፈልጋቸው ሰዎች፣ በተለይ የጤና ባለሙያዎች፣ ጋዜጠኞችና የእርዳታ ሠራተኞች፣ ዛሬ ኔትወርኩ ሳይቋረጥ ይጫኑት፤ ከሚያምኗቸው ሰዎች ጋር ተገናኝተው ኮድ ይነባበቡ፤ አንድ ቀንም ዳታቸውን አጥፍተው በብሉቱዝ ብቻ ይሞክሩት።