ስለ ግቢ ውስጥ ቤት ኪራይ አከራይና ተከራይ ሊያስቡት የሚገባ ነገር

ለሰው ኑሮ ከምግብና ከልብስ ጋራ የሚቈጠረው መጠለያ ነው። ዳሩ ግን ሁሉም ሰው የራሱን ቤት ሊሠራ ስለማይቻለው፥ ቤት ያለው ለሌለው እያከራየ መኖር ከጥንት የተለመደ ነው። ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስ እንኳ በሮሜ ከተማ ሁለት ዓመት የተቀመጠው በኪራይ ቤት እንደ ነበረ ከግብረ ሐዋርያት እንረዳለን። ስለዚህ ተከራይቶ መኖር ነውር የለበትም፤ ነውር የሚሆነው በአከራይና በተከራይ መካከል እውነትና ሥርዓት ሲጐድል ነው።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቈረቈረች በኋላ ብዙዎቹ ሰፈሮቿ የተመሠረቱት በመኳንንቱ ግቢ ዙሪያ ነበር። የጌታው አዳራሽ በመካከል፥ የወታደሩና የባለሙያው ቤት በዙሪያው ይሠራ ስለ ነበረ፥ ባለጸጋውና ድኻው ጐረቤት ሆነው ይኖሩ ነበር። በአራዳ ገበያ አጠገብም አርመኑ፥ ግሪኩ፥ ሕንዱና ዓረቡ ነጋዴ ከአገሩ ሰው ጋራ ተቀላቅሎ ይቀመጥ ነበር።

የዚህ ልማድ ቅሪት እስከ ዛሬ በየግቢው ይታያል። ባለቤቱ በዋናው ቤት ተቀምጦ በጓሮ በኩል ያለውን፥ ሰርቪስ የሚባለውን ቤት ያከራያል። ቤቲቱ አንድ መኝታ ቤትና አንዲት ጠባብ ሳሎን ያላት፥ በደጇም ጤና አዳምና ጌሾ የበቀለባት ልትሆን ትችላለች። በአንድ ግቢ ውስጥ የመሥሪያ ቤት ጸሓፊ፥ አስተማሪና የቀን ሠራተኛ፥ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ፥ አማርኛ ተናጋሪውና ኦሮምኛ ተናጋሪው በአንድ ቧንቧ ውሃ ይቀዳሉ። ይህች ትንሽ ቤት ባትኖር ገቢው ያነሰ ሰው ወደ ከተማው ዳር ይገፋ ነበር፤ ሰፈሩም የአንድ ዓይነት ሰው ብቻ መኖሪያ በሆነ ነበር።

በሐምሌ 1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቍጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሲሆን፥ ኪራያቸው እስከ 100 ብር የሆነው ቤቶች ለቀበሌ ተሰጡ። በዚህም ምክንያት ዋናው ቤት የባለቤቱ፥ የጓሮው ቤት የቀበሌ የሆነበት ግቢ ብዙ ነበር። የግል ኪራይ እንደ ገና ከተፈቀደ ወዲህ ግን ነገሩ ለረጅም ጊዜ የተመራው በቃልና በደላላ ነው። አከራዩ ዛሬ የተስማማበትን ዋጋ ነገ ቢጨምር ተከራዩ የሚያሳየው ጽሑፍ አልነበረውም፤ ልጆቹን ከትምህርት ቤት አውጥቶ፥ ከእድሩም ተለይቶ ወደ ሌላ ሰፈር ይሄዳል።

ይህን ለማስተካከል በ2016 ዓ.ም. የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቍጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቍጥር 1320 ወጣ። አዋጁም ውሉ በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ፥ የውሉ ዘመን ከ2 ዓመት እንዳያንስ፥ ቅድሚያ ክፍያው ከ2 ወር ኪራይ እንዳይበልጥ፥ ገንዘቡም በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ እንዲከፈል ያዝዛል። የኪራይ ጭማሪም ተቈጣጣሪው አካል በዓመት አንድ ጊዜ ከሚያስታውቀው መጠን እንዳያልፍ ወስኗል።

እንግዲህ ሕጉ መልካም ሆኖ ሳለ የሚያፈርሰው የሁለቱ ወገኖች የስውር ስምምነት ነው። ግብር ለማሳነስ ሲባል በወረቀቱ ላይ ዝቅተኛ ዋጋ ተጽፎ የቀረው በእጅ ቢከፈል፥ አከራዩ ለጊዜው የተጠቀመ ይመስለዋል፤ ነገር ግን ተከራዩ በወረቀቱ ላይ ከተጻፈው በላይ አልከፍልም ቢል በምን ይከሰዋል? ተከራዩም በበኩሉ በእጅ የሰጠውን ገንዘብ በዳኛ ፊት በምን ያስረዳል? ሐሰት የተጻፈበት ውል ለሁለቱም ዋስ አይሆንም።

ተከራይ የሆነ ሰው ቤቱን በበጋ አይቶ ብቻ አይዋዋል። ጭቃው ግድግዳ እርጥበት ይስብ እንደ ሆነ፥ ቆርቆሮው ያፈስ እንደ ሆነ፥ የጓሮው ውሃ ወደ ደጁ ይወርድ እንደ ሆነ የሚታወቀው በክረምት ነው። የመብራቱ ቈጣሪ የጋራ እንደ ሆነ ሒሳቡ እንዴት እንደሚካፈል፥ የግቢው በር በስንት ሰዓት እንደሚዘጋ፥ እንግዳ ማሳደር ይፈቀድ እንደ ሆነ አስቀድሞ ይጠይቅ፤ የተስማሙበትንም በውሉ ውስጥ ያስጽፍ።

አከራይም የተከራዩን ጠባይና የመክፈል አቅም ቢጠይቅ ይገባዋል፤ ነገዱንና ሃይማኖቱን መርምሮ፥ የልጆቹንም ብዛት ቈጥሮ ደጁን መዝጋት ግን አይገባውም። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጐረቤት ይሻላል ተብሎ የተተረተው፥ ሌሊት ሕመም ሲመጣ በሩን የሚያንኳኳው በግቢው ውስጥ ያለው ሰው ስለ ሆነ ነው።

በ2016 እና በ2017 ዓ.ም. በፒያሳና በካዛንቺስ ብዙ አሮጌ መንደሮች ፈርሰው ነዋሪዎቻቸው ወደ ሌላ ስፍራ ስለ ተዛወሩ፥ በየግቢው የቀሩት ትንንሽ ቤቶች ከቀድሞው ይልቅ የሚፈለጉ ሆነዋል። ስለዚህ በወረዳ የውል ምዝገባ የተሾሙ ሰዎች ጕዳዩን በአንድ ቀን መጨረስ ሲቻላቸው ባለጕዳዩን በቀጠሮ ባያመላልሱት፥ ሰው ከደላላው ቃል ይልቅ ወደ መዝገቡ ይመጣል። ካህናትም በጸበልና በሰንበቴ ማኅበር አከራዩንና ተከራዩን በአንድነት ስለሚያገኙ፥ የተጻፈ ቃል መጠበቅ እንደሚገባ ቢመክሩ ብዙ ጠብ ከዳኛ ፊት ሳይደርስ ይበርዳል። አንዲት መኝታ ቤት ያላት የጓሮ ቤት ለባለቤቱ የጡረታ ድጋፍ፥ ለተከራዩ የኑሮ መነሻ ናትና፥ ውሏ በእውነት የተጻፈ ይሁን።