ሬዲዮው ሲዞር ድምፁ ለምን ይጠራል?

ወልድያ፣ መርሳ ወይም ሀብሩ ገጠር ውስጥ ዜና የሚሰማ ሰው ይህን ያውቃል። በመካከለኛ ሞገድ የያዘው ጣቢያ ሲንሿሿበት ሬዲዮውን ዞር ዞር ያደርገዋል፤ ድምፁም ይጠራለታል።

ዛሬ ማታ ይሞክሩት። አንቴናውን አጥፈው ያስገቡት፤ ድምፁ ያው ነው። አሁን ሬዲዮውን ጠረጴዛ ላይ ቀስ እያሉ ያዙሩት። በአንድ በኩል ድምፁ ይደክማል፤ ሩብ ዙር ሲጨምሩ ይጎላል። እንግዲያው ጣቢያውን የሚቀበለው ውስጥ ያለ ሌላ ነገር ነው።

ክዳኑ ሲከፈት ቀጭን የመዳብ ሽቦ የተጠመጠመበት ጥቁር ዘንግ ይታያል። ፌራይት ይባላል። የብረት ኦክሳይድ ዱቄት ከዚንክና ከኒኬል ወይም ከማንጋኒዝ ኦክሳይድ ጋር ተደባልቆ፣ ተጠቅጥቆ፣ በኃይለኛ ሙቀት ተተኩሶ የሚሠራ ነው።

የመርሳ የመስኖ ገበሬ እንደሚያውቀው፣ ውሃ በተጠረገ ቦይ መሄድ ይቀናዋል። ለማግኔት ቦዩ ይህ ዘንግ ነው። ከጣቢያው የሚመጣው የሞገዱ ማግኔታዊ ክፍል ወደ ዘንጉ ይሰበሰባል፤ ሽቦውም በባዶ አየር ከሚያገኘው እጅግ የበለጠ ይደርሰዋል። የዘንጉ ጫፍ ወደ ጣቢያው ሲያነጣጥር ግን ማግኔቱ በርዝመቱ አይገባም፤ ድምፁም የሚደክመው ያኔ ነው።

አንድ ነገር ማግኔትን በውስጡ የማሳለፍ አቅሙ ማግኔታዊ አሳላፊነት ይባላል። የባዶ ቦታን 1 ብንል፣ አየርና አሉሚኒየም ከ1 ፈቀቅ አይሉም፤ መዳብ እንዲያውም በጥቂቱ ያንሳል። የሬዲዮ ፌራይት ብዙውን ጊዜ መቶዎች ይደርሳል፤ የትራንስፎርመር ብረት ሺዎች።

ታዲያ ዘንጉ ለምን ብረት አልሆነም? ብረት ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። የሬዲዮ ሞገድ በሰከንድ መቶ ሺዎች ጊዜ ሲመላለስ በብረቱ ውስጥ የሚሽከረከር ጅረት ይፈጠርና ኃይሉን ወደ ሙቀት ይለውጠዋል። ፌራይት ኤሌክትሪክ እምብዛም ስለማያስተላልፍ ከዚህ ይድናል።

አሳላፊነት የሚለካው በማነጻጸር ነው። የሽቦው ጥቅል ባዶውን እያለ ኢንዳክታንሱ፣ ማለትም ጅረት ሲያልፍበት ምን ያህል ማግኔት እንደሚፈጥር፣ ይለካል፤ ቁሱ ገብቶ እንደገና ይለካል፤ ሁለተኛው ለመጀመሪያው ይካፈላል። ዘንግ ግን ጫፎቹ ክፍት ስለሆኑ ማግኔቱ በአየር ዞሮ ይመለሳል፤ ውጤቱም ከቁሱ እውነተኛ አቅም ያንሳል። ስለዚህ ቁሱ ቀለበት ሆኖ ይሠራና ሽቦው ዙሪያውን ይጠመጠምበታል። አሜሪካዊው ሄንሪ ሮውላንድ እ.ኤ.አ. በ1873 ባሳተመው ጥናት በብረትና በኒኬል ቀለበቶች ለክቶ፣ አሳላፊነት ቋሚ ቁጥር አለመሆኑን አሳየ፤ ማግኔቱ ሲበረታ መጀመሪያ ያድጋል፣ ቁሱ ሲጠግብ ይወርዳል።

የማይፈለግ፣ በባትሪ ብቻ የሚሠራ አሮጌ ሬዲዮ ካለዎት ልኬቱን በጆሮዎ መስማት ይችላሉ። ጣቢያ ይያዙና ሽቦው እንዳይበጠስ ተጠንቅቀው ዘንጉን ከጥቅሉ ቀስ እያሉ ይሳቡት። ኢንዳክታንሱ ስለሚቀንስ ጥቅሉ ከጣቢያው ሞገድ ጋር መጣጣሙን ያጣና ድምፁ ይደክማል፤ መልሰው ሲያስገቡት ይጎላል። ሬዲዮ ጠጋኞችም ጥቅሉን በዘንጉ ላይ ወዲህና ወዲያ ገፍተው፣ ድምፁ በደንብ ሲጠራ በሰም የሚያስይዙት ለዚህ ነው።