መጠጥ ሲቀር አንጎል እንዴት ያገግማል?

«ካቆምኩ ወዲህ ለምን ባሰብኝ?» ብለው የሚጠይቁኝ ብዙ ናቸው።

አልኮል አንጎልን የሚያረጋጋውን ጋባ የተባለ ኬሚካል ሥራ ያጎላል፤ የሚያነቃቃውን ግሉታሜትን ደግሞ ያፍናል። ለዓመታት አዘውትሮ የሚጠጣ ሰው አንጎል ይህን ለማካካስ የማነቃቂያውን ወገን ያጠነክራል። አረቄው ወይም ቢራው ድንገት ሲቀር ማነቃቂያው ያለ ልጓም ይቀራል፦ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ላብ ያጠምቃል፣ እንቅልፍ ይጠፋል። እባካችሁ፣ በየቀኑ ብዙ የምትጠጡ ከሆነ በአንድ ጊዜ ከማቆማችሁ በፊት ሐኪም አማክሩ። በመጀመሪያዎቹ 48 ሰዓታት ሰውነትን የሚያንፈራግጥና የሚጥል መንቀጥቀጥ፣ ቀጥሎም መቃዠት ሊመጣ ይችላል፤ ይህ ሕይወት ሊያጠፋ ይችላል። ቤተሰብም «መንፈስ ነው» ብሎ ሰዓት አያባክን፤ ቶሎ ሆስፒታል ይውሰድ።

ከዚያ ወዲያ ያለው ተስፋ ሰጪ ነው። ሙሉ በሙሉ ባቆሙ ሰዎች ላይ፣ ኮርቴክስ የሚባለው የሳሳ የአንጎል የላይኛው ንጣፍ በወራት ውስጥ መልሶ ሲወፍር በኤምአርአይ ታይቷል፤ ፈጣኑ ለውጥ በመጀመሪያው ወር ነው። ትኩረትና ትውስታም ቀስ በቀስ ይሻሻላሉ።

እንቅልፍ ግን እስኪስተካከል ወራት ሊፈጅ ይችላል። ብዙ ሰው «ለእንቅልፍ አንድ መለኪያ ብቻ» ብሎ ወደ መጠጥ የሚመለሰው እዚህ ላይ ስለሆነ፣ እንቅልፍ ካስቸገራችሁ ዝም አትበሉ፤ ሕክምና አለው። ስለ ቫይታሚን ቢ1ም ሐኪማችሁን ጠይቁ፤ መጠጥ የሚያመጣው እጥረቱ ትውስታን ለዘለቄታው ሊጎዳ ይችላል።