ጭንቅላት ሲናጋ ዓይንም ይሸወዳል

የጀርመኑ አማካይ ክሪስቶፍ ክራመር ዳኛውን ኒኮላ ሪዞሊን ጠጋ ብሎ፣ ይህ የፍጻሜው ጨዋታ ነው ወይ ብሎ ጠየቃቸው። እ.ኤ.አ ጁላይ 13 ቀን 2014 ነበር፤ በማራካኛ ስታዲየም ጀርመንና አርጀንቲና ለዓለም ዋንጫ እየተፋለሙ ነው። ክራመር በ17ኛው ደቂቃ ገደማ ከኢዜኪዬል ጋራይ ትከሻ ጋር ተላትሞ ወደቀ። ተነስቶም መጫወቱን ቀጠለ። በ31ኛው ደቂቃ ግን ተደግፎ ወጣ፤ አንድሬ ሹርለም ተቀይሮ ገባ።

እንዲህ ያለ ምት የሚያናጋው ትውስታን ብቻ አይደለም። ዓይንንም ይነካል።

ተጫዋች ሲሮጥ ጭንቅላቱ ይናጣል፤ ሜዳው ግን አይናጥበትም። ምስጢሩ ያለው ጆሮ ውስጥ ነው። በእያንዳንዱ የውስጥ ጆሮ ፈሳሽ የያዙ ሦስት ግማሽ ክብ ቱቦዎች አሉ። ጭንቅላት ሲዞር ፈሳሹ ወደኋላ ይቀራል፤ በዚህም ጭንቅላቱ ወዴትና በምን ፍጥነት እንደዞረ ለአንጎል መልእክት ይደርሳል። ዓይንም ወዲያው በዚያው ፍጥነት ወደ ተቃራኒው አቅጣጫ ይዞራል። ይህ ሁሉ የሚፈጀው የአንድ ሴኮንድ መቶኛ ያህል ነው።

ካላመኑ በዚህ ጋዜጣ ይሞክሩት። ጋዜጣውን ሳያንቀሳቅሱ ራስዎን ግራና ቀኝ እያወዛወዙ ያንብቡ። ይነበባል። አሁን ደግሞ ራስዎን አቁመው ጋዜጣውን በዚያው ፍጥነት ያወዛውዙት። ፊደሉ ይደበዝዛል። በመጀመሪያው ጆሮ አግዞዎታል፤ በሁለተኛው ዓይን ብቻውን ቀርቷል።

ጭንቅላቱን የተመታ ተጫዋች ላይ ይህ ቅንጅት ሊዛባ ይችላል። ራሱን ባዞረ ቁጥር ኳሷ ትደበዝዝበታለች፣ ያዞረዋል፣ ያቅለሸልሸዋል። ለዚህ ነው ሐኪሞች አንድ ነገር ላይ እንዲያተኩር አድርገው ራሱን እንዲያወዛውዝ የሚያዙት። ቆሞ ሲያዩት ደህና የሚመስል ተጫዋች ችግሩ ሲንቀሳቀስ ሊወጣ ይችላል። ሜዳ ላይ ደግሞ በደንብ ያላየው ኳስ ወይም ክርን ሁለተኛ ምት ይሆንበታል።

የጨዋታ ሕግ አውጪው አይፋብ ለጭንቅላት ጉዳት የሚውል ተጨማሪ ቅያሪ እንዲሞከር በዲሴምበር 2020 ፈቀደ። ከ2024/25 ጀምሮም ውድድሮች መርጠው የሚጠቀሙበት ሕግ ሆኗል። የወጣው ተጫዋች ተመልሶ አይገባም።

ደጋፊው ግን አሁንም ለወደቀው ተጫዋች "ተነስ!" እያለ ይጮኻል። የማራካኛው ምሽት ሌላ ነገር ያስታውሳል። በክራመር ምትክ የገባው ሹርለ በ113ኛው ደቂቃ ኳሷን ለማሪዮ ጎትዘ አሻገረ፤ ጎትዘም አስቆጠረ። ጀርመን 1ለ0 አሸነፈች። ተጎጂውን ማስወጣት ዋንጫውን አላሳጣትም።