ሕግንና የወንጀል ጥናትን ከአገር ርቆ ለሚማር

በደዶ ወረዳ፣ ከሸቂ ከተማ እምብዛም በማይርቅ ደጋ ላይ፣ ሁለት ጎረቤታሞች በእርሻ ወሰን ተጣልተው አንደኛው ሌላውን በዱላ መትቶ ገደለው እንበል፤ ነገሩ ለማስረዳት የታሰበ እንጂ በእርግጥ የደረሰ አይደለም። ሕግ የተማረ ሰው ይህን ሲሰማ አስቀድሞ የሚጠይቀው ገዳዩ አስቦና ተዘጋጅቶ ነውን ወይስ በድንገተኛ ጠብ፣ ራሱን ሲከላከል ነበርን፣ ያየስ ማን ነው የሚለውን ነው፤ ምክንያቱም በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ መሠረት አንዱ መልስ ነገሩን ወደ አንቀጽ 539 ወስዶ ዕድሜ ልክ ወይም ሞት ሲያስፈርድ፣ ሌላው ወደ አንቀጽ 540 ወስዶ ከ5 እስከ 20 ዓመት ጽኑ እስራት፣ ሌላውም ወደ አንቀጽ 541 አውርዶ ከ5 ዓመት የማይበልጥ ቀላል እስራት ያስፈርዳልና። የወንጀል ጥናት ሊቅ ግን ስለ አንድ ገዳይ ብቻ መጠየቅ አይበቃውም፤ በዚህ አገር የወሰን ጠብ ደም እስከ ማፍሰስ የሚደርሰው ስለምን ነው፣ የሚበዛውስ በየትኛው ወር ነው፣ መሬቱ ለልጅ ልጅ እየተከፋፈለ መጥበቡ፣ የፍርድ መዘግየት፣ የቂም ልማድ እያንዳንዳቸው ምን ያህል ያበረክታሉ፣ የታሰረውስ ከወህኒ ሲወጣ ምን ዓይነት ሰው ሆኖ ይወጣል እያለ ይመረምራል። ለሕግ ሰው ጉዳዩ በፍርድ ይፈጸማል፤ ለወንጀል ተመራማሪ ግን ፍርዱ ራሱ ከሚመረመሩት ነገሮች አንዱ ነው።

ይህ ሁለተኛው ትምህርት፣ በዘመናችን ሥነ ወንጀል ወይም ክሪሚኖሎጂ የሚባለው፣ በዕድሜ ከሕግ ትምህርት እጅግ ያንሳል። የሚላኑ ሰው ቼዛሬ ቤካሪያ እ.ኤ.አ. በ1764 ስለ ወንጀልና ስለ ቅጣት ባሳተመው ትንሽ መጽሐፍ፣ ቅጣት ከጥፋቱ መጠን ማለፍ እንደማይገባውና ሰውን ከክፉ ሥራ የሚያስቀረው የቅጣቱ ጭካኔ ሳይሆን ጥፋተኛ ከፍርድ የማያመልጥ መሆኑ እንደ ሆነ አስተማረ። ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1876፣ ሌላው የኢጣሊያ ሰው፣ ሐኪሙ ቼዛሬ ሎምብሮዞ፣ ወንጀለኛ ከእናቱ ማኅፀን ወንጀለኛ ሆኖ እንደሚወለድና በራስ ቅሉ፣ በመንጋጋውና በጆሮው ቅርጽ እንደሚለይ ጻፈ። ይህ ትምህርት ሐሰት ብቻ ሳይሆን ብዙ ንጹሓንን በመልካቸው ብቻ ለጥርጣሬ የዳረገ ክፉ ትምህርት ነበር፤ ቢሆንም የሊቃውንቱን ዓይን ከአንቀጽ ወደ ሕያው ሰው መመለሱ አይካድም። ከዚያ ወዲያ የመጡት ተመራማሪዎች ምክንያቱን ከራስ ቅል ይልቅ በሰፈር፣ በድህነት፣ በባልንጀርነትና በሕግ አስከባሪዎች አሠራር ውስጥ ፈለጉ፤ አሜሪካዊው ኤድዊን ሰዘርላንድም እ.ኤ.አ. በ1939 በተከበረ ቢሮ ተቀምጦ በብዕር የሚዘርፈው ሰው በሌሊት ግድግዳ ከሚነድለው ሌባ ጋር በአንድነት መጠናት እንዳለበት ባመለከተ ጊዜ የትምህርቱን አጥር እጅግ አሰፋው።

ሕግን ከሩቅ አገር መቅሰም ለእኛ ለኢትዮጵያውያን እንግዳ ነገር አይደለም። ፍትሐ ነገሥት፣ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የግብፁ ቅብጣዊ ሊቅ ኢብን አል አሳል በዓረብኛ ያዘጋጀው፣ 51 አንቀጽ ያለው መጽሐፍ፣ ወደ ግእዝ ተመልሶ በመምህራን ትርጓሜ ሲነገርና ሲፈረድበት ዘመናትን አሳልፏል፤ በጅማም በአባ ጅፋር አገር ቃዲዎች ከዓረብ ምድር በመጣው በሸሪዓ ይዳኙ ነበር። በ1923 ዓ.ም. የወጣውን የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ የተካው የ1949 ዓ.ም. ሕግ ረቂቁ የተሰናዳው በጄኔቭ ሊቅ በዣን ግራቨን ሲሆን፣ የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ደግሞ የፈረንሳዊው የሬኔ ዳቪድ ድካም ውጤት ነው። በ1956 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ፋኩልቲ በተከፈተ ጊዜ የመጀመሪያው ዲን አሜሪካዊው ጄምስ ፖል ነበሩ፤ ከመምህራኑም የሚበዙት ከባሕር ማዶ የመጡ ስለ ነበሩ፣ ኢትዮጵያዊው ተማሪ በገዛ አገሩ ተቀምጦ የገዛ አገሩን ሕግ በእንግሊዝኛ ከእንግዳ አፍ ይሰማ ነበር። እነዚያ መምህራን ግን እንግድነታቸው ከሥራ አላገዳቸውም፤ ፋኩልቲው በተከፈተ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ስለ ኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ የማስተማሪያ መጻሕፍት አዘጋጅተው፣ የኢትዮጵያን ሕግ የሚመረምር መጽሔትም አቋቁመው ትተውልናል።

ወደ ውጭ የሄዱትም ነበሩ። ሎሬንሶ ታእዛዝ በፈረንሳይ አገር በሞንፔልዬ ሕግ ተምረው ተመልሰው፣ ፋሺስት አገሪቱን በወረረበት ዘመን በጄኔቭ በመንግሥታቱ ማኅበር ስለ ኢትዮጵያ ቆመው ተከራክረዋል። ከዚህ ሁሉ ይልቅ ልቤን የሚነካው ግን የአባ ጳውሎስ ጻድዋ ታሪክ ነው፤ ኋላ የኢትዮጵያ የመጀመሪያው ካርዲናል የሆኑት እኒህ ካህን በሚላን የካቶሊክ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ተምረው በዶክተርነት ከተመረቁ በኋላ፣ ፍትሐ ነገሥትን ከግእዝ ወደ እንግሊዝኛ ተረጎሙ፤ ትርጉማቸውንም የአዲስ አበባው የሕግ ፋኩልቲ እ.ኤ.አ. በ1968 አሳተመው። ከሩቅ አገር የተገኘ ጥበብ ለገዛ አገር መጽሐፍ አገልጋይ ሲሆን ከዚህ የጎላ ምሳሌ አላውቅም።

እንግዲህ ከደዶም ሆነ ከአጋሮ፣ ከሰርቦም ሆነ ከየቡ ተነሥቶ በባሕር ማዶ ይህን ትምህርት ለመማር የሚመኝ ወጣት አስቀድሞ ሊያስተውለው የሚገባ አንድ ብርቱ ነገር አለ፤ ይኸውም ሕግ እንደ ተክል ከበቀለበት አፈር ጋር የተያያዘ ሲሆን፣ የወንጀል ጥናት ግን ዘሩ ከአገር ወደ አገር የሚሻገር መሆኑ ነው። በእንግሊዝ አገር ሦስት ዓመት ተምሮ በሕግ የተመረቀ ሰው የተማረው በዳኞች ውሳኔ ላይ የቆመውን የዚያን አገር ሕግ ነው፤ የእኛ ሕግ ደግሞ እንደ ፈረንሳይና እንደ ስዊስ ሕግ በተጻፈ መድበል ላይ የቆመ ነውና፣ ተመራቂው ሲመለስ ዲግሪው በትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ዘንድ አቻ ግምት ቢያገኝም እንኳ የኢትዮጵያን የወንጀል ሕግና ሥነ ሥርዓት ከመጀመሪያው ፊደል ጀምሮ ማጥናት ይቀረዋል። እዚያው ልቅር ቢልም የጥብቅና ፈቃድ ከዲግሪው የተለየ ፈተናና ልምምድ ይጠይቃል፤ በጀርመን አገር ለምሳሌ ሁለት የመንግሥት ፈተና ያላለፈ ሰው የሕግ ሙያ ሙሉ ባለቤት አይሆንም። የወንጀል ተመራማሪ ግን በኬምብሪጅ የተማረውን የመጠይቅ፣ የስታቲስቲክስና የእስረኛ ሕይወት አመረማመር ዘዴ በጅማ ወህኒ ቤትም በአጋሮ ገበያም ሊሠራበት ይችላል፤ ቡና በሚቀላበት ወራት የቡና ስርቆት ይበዛ እንደሆነና ባለቤቱ ምን ዓይነት ጥበቃ እንደሚሻ ለመመርመር የእንግሊዝ አንቀጽ አያስፈልገውምና። በዚህ ምክንያት የእኔ ፍርድ ግልጥ ነው፤ የመጀመሪያውን የሕግ ዲግሪ በአገር ቤት፣ ሁለተኛውን በወንጀል ጥናት በውጭ አገር መማር ይሻላል። ይህን መንገድ የሚመርጥ ግን በአገራችን የሕግ ትምህርት አምስት ዓመት እንደሚፈጅ ይወቅ።

ከሌላ አገር ወደ እኛ የሚመጣውም ተማሪ አለ። በ1950 ዓ.ም. በአክራ የነፃ አፍሪካ መንግሥታት ጉባኤ ኢትዮጵያ ለአፍሪካ ወጣቶች ነፃ የትምህርት ዕድል መስጠቷን ካስታወቀች ጊዜ ጀምሮ ከጎረቤትና ከሩቅ የመጡ አፍሪካውያን ከእኛ ልጆች ጋር በአንድ ወንበር ተቀምጠው ተምረዋል፤ ዛሬም በዩኒቨርሲቲዎቻችን በስደት የመጡ ወጣቶች ይማራሉ። በ1992 ዓ.ም. የተመሠረተው የጅማ ዩኒቨርሲቲ ትምህርትን ከኅብረተሰቡ ኑሮ ጋር ማስተሳሰርን ዓላማው ያደረገ ነውና፣ የሕግ ተማሪዎቹ በነፃ የሕግ ድጋፍ በኩል ከድኻው ባለጉዳይ ጋር ይገናኛሉ። በዚህ ሥፍራ የሚማር እንግዳ፣ ሦስት የፍርድ መንገዶች በአንድ ወረዳ ጎን ለጎን ሲሄዱ ያያል፤ ባለጉዳዮች ፈቅደው የቤተሰብና የውርስ ነገራቸውን የሚያቀርቡለትን የሸሪዓ ፍርድ ቤት፣ በኦሮምኛ የሚያስችለውን መደበኛ ፍርድ ቤት፣ እንዲሁም የክልሉ መንግሥት በቅርብ ዓመታት ባወጣው አዋጅ ዕውቅና ያገኘውን ባህላዊ የሽምግልና ችሎት።

ቀደም ብዬ ያነሣሁት የወሰን ጠብ እንኳ በእነዚህ ሽማግሌዎች ፊት ሌላ መልክ ይይዛል። ጉማ በሚባለው የኦሮሞ የደም እርቅ ሥርዓት ዋናው ጥያቄ ገዳዩ ስንት ዓመት ይታሰር የሚለው ሳይሆን፣ የሟች ወገንና የገዳይ ወገን ነገ በአንድ ምንጭ እንዴት ውሃ ይቀዳሉ የሚለው ነው፤ ሽማግሌዎች በመካከል ይገባሉ፣ ካሣ ይቆረጣል፣ ከብት ይታረዳል፣ መሐላ ይፈጸማል። የመንግሥት ፍርድ ቤት ገዳዩን ቢቀጣውም ቂሙን አይሽረውም፤ ሽማግሌዎችም ቂሙን ቢሽሩት ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 34 ለባህልና ለሃይማኖት ሕግ የተወው በባለጉዳዮቹ ፈቃድ የሚታየውን የግልና የቤተሰብ ጉዳይ ነውና፣ የነፍስ ግድያ ከመንግሥት ችሎት አያመልጥም። ሁለቱ ችሎቶች እንዴት ይገናኙ፣ ዕርቅ የወረደበት ሰው ቅጣቱ ይቅለልለትን፣ በዕርቅ ስም የደካማው ወገንና የሴቲቱ መብት እንዳይረገጥ ማን ይጠብቅ የሚሉት ጥያቄዎች ገና ብዙ መርማሪ ይሻሉ፤ ለዚህም ኦሮምኛን የሚሰማ፣ መድበሉን የሚያውቅ፣ የምርመራውንም ዘዴ የተካነ ሰው ያስፈልጋል።

ስለዚህ በሸቂ፣ በአጋሮም ሆነ በጅማ በትምህርት ገበታ ላይ ያላችሁ ወጣቶች ሆይ፣ የውጭውን ዩኒቨርሲቲ በር ከማንኳኳታችሁ በፊት የወረዳችሁን ፍርድ ቤት በግልጽ ችሎት ቀን ገብታችሁ አድምጡ፣ ከሽማግሌዎችም እግር ሥር ተቀምጣችሁ ጉማ እንዴት እንደሚፈጸም ጠይቃችሁ ጻፉ፤ ወላጆችም ልጃችሁን ስትልኩ ምን ዲግሪ ይዘህ ትመጣለህ ከማለታችሁ አስቀድሞ ምን ጥያቄ ይዘህ ትሄዳለህ በሉት።