የጋራ ማከማቻ፦ ቪዲዮው የሚቆራረጠው የት ላይ ነው?

የወላይታ ዘመን መለወጫ ጊፋታ በመስከረም ሲከበር ሁለት ካሜራ ይዞ የወጣ የቪዲዮ ቡድን ማታ ብዙ ቀረጻ ይዞ ይመለሳል። በ4ኬ ሲቀርጹ በሰከንድ 100 ሜጋቢት የሚጽፉ ካሜራዎች ዛሬ ብዙ ናቸው፤ ይህ በሰዓት 45 ጊጋባይት ነው። ሁለቱም ስድስት ስድስት ሰዓት ቢቀርጹ 540 ጊጋባይት ይሆናል። በሶዶም ሆነ የዱጉና ፋንጎ ወረዳ ከተማ በሆነችው በዲምቱ የሚሠሩ ሦስት አራት ኤዲተሮች ይህን ሁሉ በአንድ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ እየተቀባበሉ ሊሠሩት ይችላሉ። ግን አንዱ ቀለም ሲያስተካክል ሌላው እጁን አጣጥፎ ይጠብቃል።

ይህን ጥበቃ የሚያስቀረው ኤንኤኤስ የሚባለው የጋራ ማከማቻ ነው። ብዙውን ጊዜ አራት ያህል ሃርድ ዲስክ የሚይዝ፣ የራሱ ፕሮሰሰርና ሜሞሪ ያለው ትንሽ ሳጥን ነው። በኬብል ከስዊች ጋር ይገናኛል፤ የኤዲተሮቹም ኮምፒውተሮች እዚያው ስዊች ላይ ይሰካሉ። ሁሉም አንዱን ፋይል ካለበት ከፍተው ይሠራሉ። ኢንተርኔት አያስፈልገውም፤ ኢንተርኔት በተቋረጠ ቀንም ሥራው ይቀጥላል።

ችግሩ የሚመጣው ሁሉም በአንድ ጊዜ መሥራት ሲጀምሩ ነው። ቪዲዮው ይቆራረጣል፣ ድምፁ ይቀድማል፤ ወዲያው «ዲስኩ አርጅቷል፣ ሌላ እንግዛ» ይባላል። ገንዘብ የሚባክነው እዚህ ላይ ነው፤ መጀመሪያ መለካት ይገባል።

የተለመደው ባለ አንድ ጊጋቢት ኔትወርክ በሰከንድ ቢበዛ 125 ሜጋባይት ያሳልፋል፤ በተግባር 110 አካባቢ ነው። ቀረጻው ለኤዲት ወደሚያገለግለው ፕሮሬስ 422 ፎርማት ከተቀየረ በ4ኬ በሰከንድ 25 ፍሬም አንዱ ካሜራ ብቻ 61 ሜጋባይት ያህል ይፈልጋል። አንድ ኤዲተር የሁለቱን ካሜራ ምስል ጎን ለጎን ሲከፍት ብቻውን መስመሩን ሞላው ማለት ነው። ካሜራው በጻፈው ፋይል ከተሠራ ግን ለአንዱ ካሜራ የሚፈለገው 12.5 ሜጋባይት ብቻ ስለሆነ ኔትወርኩ ለሁሉም ይበቃል። እንዲህም ሆኖ ከተቆራረጠ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የማከማቻው አይደለም፤ የታመቀውን ምስል እየፈታ የሚያሳየው የኤዲተሩ ኮምፒውተር አቅም አንሶት ነው።

እንግዲህ አንድ ትልቅ ፋይል ከሳጥኑ ወደ ኮምፒውተሩ ኮፒ አድርጉና ፍጥነቱን ተመልከቱ። 110 አካባቢ ካሳየ መስመሩ ጤነኛ ነው። 11 ወይም 12 ላይ ከቆመ ግን ኬብሉን ጠርጥሩ። በኔትወርክ ኬብል ውስጥ ሁለት ሁለት ሆነው የተጠማዘዙ ስምንት ቀጫጭን ሽቦዎች አሉ። ጊጋቢት ስምንቱንም ይፈልጋል፤ 100 ሜጋቢት ግን በአራቱ ይሠራል። በር ሥር ተረግጦ ወይም ጫፉ ላይ በደንብ ሳይገባ ቀርቶ ከቀሩት አራት ሽቦዎች አንዱ ቢቋረጥ ስዊቹ ብዙ ጊዜ ግንኙነቱን አያቋርጥም፤ ምንም ሳይናገር ወደ 100 ዝቅ ይላል። ሁሉም ነገር ይከፈታል፣ ሁሉም ነገር ይንቀረፈፋል። መድኃኒቱ አንድ አዲስ ኬብል ነው። በዋይፋይ ኤዲት ማድረግንም እርሱት፤ አየሩን ሁሉም ስለሚካፈለው ፍጥነቱ አይጸናም።

ኬብሉ ደህና ሆኖ መስመሩ ከጠበበ ከሁሉ በፊት ፕሮክሲ ይሠራ። ፕሮክሲ የቀረጻው ቀላል ቅጂ ነው፤ በ1080 ፕሮሬስ ፕሮክሲ ሲዘጋጅ በሰከንድ ከ5 ሜጋባይት በታች ይበቃዋል። ማታ ኮምፒውተሩ ሲያዘጋጅ ያድራል፣ ጠዋት ኤዲተሮቹ በእርሱ ይቆርጣሉ፣ መጨረሻ ላይ ፕሮግራሙ ዋናውን ቀረጻ መልሶ ይተካል። ዳቪንቺ ሪዞልቭም ሆነ ፕሪሚየር ይህን ያውቁበታል። የፕሮግራሙ ካሽ (ጊዜያዊ ፋይሎቹ) ደግሞ በየኮምፒውተሩ ኤስኤስዲ ላይ ይቀመጥ፤ በኔትወርክ ላይ ሲመላለስ የሌላውን ሰው ድርሻ ይበላል።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ካልበቃ ያኔ ኪስ ይከፈት። 2.5 ጊጋቢት በካት 5ኢ ኬብል እስከ 100 ሜትር ስለሚሄድ ግድግዳ መብሳት ላያስፈልግ ይችላል፤ ስዊቹና የኔትወርክ ካርዶቹ ግን ይህን የሚችሉ መሆን አለባቸው። 10 ጊጋቢት በካት 6 እስከ 55 ሜትር ይሠራል። ለአነስተኛ ቡድን ሳጥኑን ከስዊቹ ጋር ብቻ በ10 ጊጋቢት አገናኝቶ ኤዲተሮቹን ባሉበት መተው የተሻለ ይመስለኛል፤ አንዱ ትልቅ ፋይል ሲጭን የሌላው ምስል አይቆምም።

ዲስክ የሚቀየረው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ሃርድ ዲስክ አንድን ፋይል ተከታትሎ ሲያነብ ፈጣን ነው። አራት ሰው አራት ቦታ ሲጠራው ግን የማንበቢያው ክንድ በተንቀሳቀሰ ቁጥር 10 ሚሊሰከንድ ገደማ ይባክናል። ስትገዙ ኤስኤምአር የሚባለውን ዓይነት አትግዙ፤ ትራኮቹ ተደራርበው ስለሚጻፉ በላዩ ላይ መልሶ መጻፍ ያዘገየዋል። ሳጥኑንም እስከ አፍንጫው አትሙሉት።

መብራት ሲጠፋ ሳጥኑ በመጻፍ ላይ ከሆነ ፋይል ሊበላሽ ይችላል። ለዚህ የሚሆን ዩፒኤስ (መጠባበቂያ ባትሪ) ስትገዙ ሳጥኑ በራሱ ጊዜ ተረጋግቶ እንዲዘጋ የሚነግርበት የዩኤስቢ መስመር ያለውን ምረጡ። አራት ባለ 8 ቴራባይት ዲስኮች ሬይድ 5 በሚባለው ስልት ሲደራጁ 24 ቴራባይት ይሰጣሉ፤ አንዱ ቢሞት ሥራው ይቀጥላል። በስህተት የጠፋ ፋይልን፣ እሳትንና ሌባን ግን ሬይድ አይመልስም። ስለዚህ የሰውን ሰርግና በዓል የምትቀርጹ ሁሉ፣ ሁለተኛው ቅጂ ሌላ ቤት መቀመጡን በዓይናችሁ ሳታዩ የካሜራውን ካርድ አትደምስሱ።